ይህ መድረክ ይለመድ

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ መሬት ከእኔ በላይ የሚያወራ ሰው ካለ ይቅረብና እንወዳደር። የትኛው ሜዳ ለማን እንደተሰጠ፣ የማን አጥር በየትኛው ሌሊት እንደተገፋ፣ ማን በጓሮ በር ገብቶ በፊት ለፊት በር ካርታ ይዞ እንደወጣ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። ከማወራው ውስጥ ያየሁት ጥቂት ነው፣ የሰማሁት ብዙ ነው፣ የጨመርኩበት ከሁለቱም ይበልጣል።

የማወራበት ሰዓትም የታወቀ ነው። ከቀትር በኋላ ሱቁ ሲዘጋ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ድሬ ሙቀቱን ሽሽት ጓዳዋ ስትገባ፣ እኔና ጓደኞቼ በርጫችን ላይ እንሰየማለን። የመጀመሪያዋ የጫት ዙርባ ሳታልቅ ከተማዋን አፍርሰን እንጨርሳለን፤ በሁለተኛዋ እንገነባታለን። ደቻቱ ወንዝ ላይ ድልድይ እንደረድራለን። የታይዋንን ገበያ ካለበት አንስተን ሰፋ ያለ ቦታ እናስቀምጠዋለን፤ ነጋዴዎቹን ግን አንጠይቃቸውም። ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ ኒም እንተክላለን። ምርቃናው ጫፍ ሲደርስ ባቡሩን ከከተማ ውጭ ካለው አዲሱ ጣቢያ አንስተን ወደ ለገሀሬ እንመልሰዋለን። ማታ ምርቃናው ሲበርድ ድልድዮቹ አንድ በአንድ ይፈርሳሉ፣ ገበያውም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሚስቴ በሩን ገፋ አድርጋ፣ "አቦ፣ ከተማውን ቀይሰህ ከጨረስክ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ እየው" ትለኛለች።

ንስሐዬ ስለ ጫቱ አይደለም፤ ለእሱ ሌላ ቀንና ሌላ ገጽ ያስፈልጋል። የምናዘዘው ይህ ሁሉ ወሬ የሚወጣበት አፍ "እስቲ ተናገር" የተባለ ቀን ምን እንዳደረገ ነው። ቢዘጋ ጥሩ ነበር። ተከፍቶ ሌላ ነገር ተናገረ።

አስቀድሜ መብቴን ልዘርዝር፤ መብቴን በቃሌ ነው የማውቀው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝቡ እንዲሳተፍበት፣ ረቂቁም ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። እነዚህን ለጓደኞቼ ስጠቅስ ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ ነው። ጓደኞቼም የሕግ ሰው ይሉኛል። ሕግ የተማርኩት ከአንድ የጎረቤት ክርክር ነው፤ እሱንም ተረትቻለሁ።

ከአንቀጽ 40 ውስጥ ልቤን የማረከው "የሕዝብ" የምትለዋ ናት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር። አንዱ እኔ ነኝ። በዚህ ስሌት ተማምኜ የግቢዬን አጥር ያሳደስኩ ጊዜ ግንበኛውን "ትንሽ ወደ ውጭ ያዝ አድርገው" አልኩት። ግንበኛው አየኝ፣ አየሁት፣ ተግባባን። የወሰድኩት ከሕዝብ ድርሻዬ ላይ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ የቀሩት 341,833 ሰዎች ድርሻም እዚያው እንደነበረበት ለመቁጠር አልቆምኩም። ከእኔ ሁለት ቤት አልፎ ያለው ሰው በወሩ ያንኑ ሲያደርግ ግን በርጫ ላይ ስሙን ጠርቼ "ወራሪ" አልኩት።

የአገራችን የከተማ ፕላን መርህ ከመቶው 30 ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 30 ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 40 ለግንባታ ይላል። እኔም ይህን በየበርጫው እጠቅሳለሁ። ግቢዬ ግን መቶውም ግንባታ ነው። አረንጓዴ የሚባል ነገር ካለበት የውጭው በር ቀለም ብቻ ነው።

የከተማችን ፕላን ረቂቅ የሚታይበት ስብሰባ የተጠራው በግንቦት ነው። ግንቦት በድሬ ጥላው ራሱ የሚያልብበት ወር ነው። ባጃጅ ላይ የተጫነ ሞንታርቦ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ እየለፈፈ ሰፈራችንን ዞረው። ሦስቱንም እሰማለሁና "በማላውቀው ቋንቋ ጠሩኝ" ብዬ ማምለጥ አልቻልኩም። ሰዓቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ የበርጫ ሰዓት። "ሕዝቡ እንዳይመጣ ሆን ብለው ነው" ብዬ አወጅኩ። ጠዋት ቢጠሩኝ "ሰው ሥራ ላይ ነው"፣ ማታ ቢጠሩኝ "ኳስ አለ" እል እንደነበር ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሚስቴም ታውቃለች።

ለምን ሄድክ ለሚለኝ፣ አዳራሹ ቬንትሌተር አለው። ደግሞ አበል አለ ተብሎ ነበር። በር ላይ ስሜን አስመዝግቤ፣ ፈርሜ፣ ስልኬን ሰጥቼ ስገባ አበል እንደሌለ፣ ያለው ሻይና ብስኩት ብቻ እንደሆነ ተነገረኝ። ወደ በሩ ዞሬ ነበር። ከቬንትሌተሩ ሥር ያለው ወንበር ባዶ መሆኑን ሳይ ግን የዜግነት ግዴታዬ ትዝ አለኝ።

ካርታው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ ሐምራዊው ኢንዱስትሪ፣ አረንጓዴው ሜዳና መናፈሻ ነው። ከታች ማብራሪያው፣ ሚዛኑ፣ የሰሜን ቀስቱ ተደርድረዋል። እኔ ካርታ ማንበብ አልችልም። ይህን እስከ ዛሬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ስለ ከተማ ቅየሳ በየቀኑ የሚያወራ ሰው እንዴት ብሎ ይናገረዋል? እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ፣ አንዴ ቀረብ አንዴ ራቅ እያልኩ አየሁት። አጠገቤ የቆመው ሰው "ገባህ?" አለኝ።

"ስኬሉ ላይ ትንሽ ጥያቄ አለኝ" አልኩት።

በአክብሮት ተመለከተኝ። ያን ጊዜ እሱም ማንበብ እንደማይችል ገባኝ። ሁለታችንም ዝም ብለን ቆምን። ባለሙያዎቹ ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው የሚጠይቃቸው ሰው እየጠበቁ ነበር፤ አንዷም እጇ ላይ ማመልከቻ ዘንግ ይዛለች። "እህቴ፣ እስቲ ከመጀመሪያው አስረጂኝ" ማለት ምን ያህል ያስከፍላል? እኔን ያስከፈለኝ ክብሬን ይመስለኝ ነበር።

ቀስ በቀስ አዳራሹ በሙሉ አንድ ሥራ ጀመረ፤ የየራስን ቤት መፈለግ። ጣት በጣት ላይ ተደራረበ። "ይቺ መስጊዷ ከሆነች፣ ይሄ ወፍጮ ቤቱ ከሆነ፣ እኔ እዚህ ጋ ነኝ" ይባላል፤ ያገኘ ይደሰታል፣ ያላገኘ ይደነግጣል። እኔም አገኘሁና ሰፊ ሆኖ ስለታየኝ ኮራሁ። ባለ ዘንጓ መጥታ "ያ እኮ ወፍጮ ቤቱ ነው" እስክትለኝ ድረስ በሌላ ሰው ጣሪያ ስደሰት ቆየሁ። ስብሰባው ሲያልቅ ካርታውን እንደገና አየሁት። ቢጫው ላይ ወረቀቱ በላብና በጣት አሻራ ጠቁሮ፣ አንዳንድ ቦታ ሊቀደድ ደርሷል። አረንጓዴው ንጹሕ ነው። የደቻቱ ሰማያዊ መስመርም ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነው። የጋራ የሆነውን ቦታ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም አልነካውም። የእኔም ጣት ከጠቆረው ጋር ነበር።

ጥፋቱን ሁሉ ራሴ ላይ ከምሬ ግን ሌላውን ነጻ አላወጣም። ማብራሪያው በፕሮጀክተር ነጩ ግድግዳ ላይ ይሮጣል፤ አንዱን ገጽ ሳንጨርስ ሌላው ይመጣል። "ስትራክቸር ፕላን"፣ "ዴንሲቲ"፣ "ሚክስድ ዩዝ" ሲባል አዳራሹ ይነቀንቃል። በየአስር ዓመቱ የሚዘጋጅ የከተማ ፕላን በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያ ሙቀት፣ ለዚያ ሁሉ ሰው ይገባል ብሎ ያሰበ ሰው ራሱ ስብሰባ ተቀምጦ አያውቅም። ይሁን እንጂ "ቆይ፣ አልገባንም" ያለ ሰው የለም። እኔማ ሲነቀነቅ ከፊት መሪ ነበርኩ።

ዕድሉ ለተሳታፊ ተሰጠ፤ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ። እጄን አወጣሁ። ማይኩ እጄ ሲገባ በርጫ ላይ የነበሩት ድልድዮች፣ ኒሞች፣ ገበያዎች ሁሉ ከራሴ ጠፉ፤ ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦ "በቅድሚያ እንዲህ ያለውን መድረክ ላመቻቹልን አካላት በራሴና በሰፈሬ ነዋሪዎች ስም ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።" ሰፈሬ አልወከለኝም። ከሰፈሬ ቀርቶ ከቤቴም ውክልና የለኝም። ቀጥዬ "ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሜ ያነሱትን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ" አልኩ። ወንድሜ ያነሱትን አልሰማሁትም፤ እሳቸው ሲናገሩ እኔ ምስጋናዬን እያለማመድኩ ነበር። ከዚያ የመብራት መቆራረጥን፣ የሰፈራችንን ቱቦና የዘይት ዋጋን አነሳሁ። መድረክ መሪው "የዛሬው ርዕሳችን ፕላን ነው" ሲለኝ "ወደዚያው እየመጣሁ ነው" አልኩት። ልደርስ ስል ደቂቃዬ አለቀ። ባዶዬን ላለመቀመጥ "እንዲህ ያለው መድረክ ይለመድ" አልኩና ተቀመጥኩ። ተጨበጨበልኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ከኋላ አንዲት እናት ተነሱ። ድሬ "አንቱ"ን የምትወድ ከተማ አይደለችም፣ ልጁም ሽማግሌውን "አንተ" ይላል፤ እሳቸውም ማይኩን ገፋ አድርገው በቀጥታ ወደ ወጣቱ ባለሙያ ዞሩ።

"አቦ ልጄ፣ እስቲ ቁም። ይቺ ሰማያዊ ክር ደቻቱ ናት?"

"አዎ፣ እናቴ።"

"የነጠላዬ ጥለት ከዚህ ይሰፋል። ያን ሌሊት ውሃው ቤቴ ውስጥ እዚህ ድረስ ነበር" አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ሲሞላ ስንት ይሰፋል? እሱን ነው መሳል ያለብህ። ደረቁንማ እኛም እናየዋለን።"

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በዚያ አዳራሽ የተነገረ የፕላን ቃል ይህ ብቻ ነበር። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የሌለበት የአሸዋ ወንዝ ነው። ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ግመል ያልፍበታል፣ ነጋዴ ሸቀጡን ይዘረጋበታል። ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ የከፈላት እሱ ቢሆንም፣ ደረቅ ሲሆን ሁለቱን የሚያገናኘውም እሱ ነው። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ በዚያ አሸዋ ወረደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን አጣ። በዚህ ላይ አልቀልድም።

በራሴ ላይ ግን እቀልዳለሁ። ከጎርፉ በኋላ ለአንድ ሰሞን ሁላችንም የውሃ ሊቅ ሆነን ነበር፤ ደጋው ዛፍ ይተከልበት፣ ዳሩ ይለቀቅ፣ ማንም አይሥራበት እንል ነበር። እኔ ከሁሉም በላይ እጮህ ነበር። ጥቂት ዓመት አልፎ አንድ ደላላ "የደረቅ ወንዝ ዳር ርካሽ ቦታ አለ" ሲለኝ ግን ስልክ ቁጥሩን በትጋት የመዘገብኩትም እኔ ነኝ። ያልገዛሁት ሟቾቹን አስቤ አይደለም። ብር አጥሮኝ ነው።

እኚያ እናት ሲናገሩ እኔ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር፤ ሻዩ በፔርሙስ ቀርቧል። "ሰዓት እየሄደ ነው!" ብሎ ከመሃል የጮኸ ሰው ነበር። ድምፁ የእኔ ነበር። ባለሙያው "ጥሩ ግብዓት ነው፣ እንወስደዋለን" አለ፣ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገ፣ ወደ ሻይ ወጣን። ብስኩቱን ሁለት ሁለት ስናነሳ ወረፋ የማያውቅ ሕዝብ ነን ብዬ አማረርኩ። ሦስተኛዬን ይዤ ነበር።

የሜዳው ነገር ደግሞ አለ። ሰፈራችን አንዲት ሜዳ አለች፤ ዳሯ ላይ ኒም በቅሎባታል፣ ልጆች ጠዋትና ማታ ይራገጡባታል። በረቂቁ ላይ አረንጓዴ ተቀብታለች። አንድ ጠዋት ሦስት ወጣቶች ወረቀት ይዘው ቤቴ መጡ፤ ሜዳዋ ጠርዝ ላይ የሼድ ሱቅ እንዲሠራላቸው የነዋሪ ድጋፍ ያሰባስባሉ። ሥራ የላቸውም፤ አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። "አጎቴ፣ አንተ ካልፈረምክልኝ ማን ይፈርምልኛል?" አለኝ። ፈረምኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሰፈሩ ቡድን አሠልጣኝ መጣ፤ ሜዳዋ እንዳትነካ ፊርማ ያሰባስባል። ልጄ የቡድኑ በረኛ ነው፣ አሠልጣኙም የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ፈረምኩ። በሁለተኛው ላይ ፊርማዬን ትንሽ ለወጥ አደረግኳት።

ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ጉዳዩን የያዘው ሰው አስጠራኝ። "ወዳጄ፣ አንተ የቱ ነህ?" ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳየኝ። ፊርማዬን በመለወጤ ሊያውቀኝ አይችልም ብዬ ነበር፤ ከፊርማው ጎን ግን ስልክ ቁጥሬን በንጹሕ አጻጻፍ አስፍሬዋለሁ።

"ሁለቱንም ነኝ" አልኩት።

ሳቀ። ውሸት አልነበረም። የእህቴ ልጅ ሥራ እንዲያገኝ እፈልጋለሁ፤ ልጄም እንዲጫወት እፈልጋለሁ። ስብሰባው ላይ ሁለቱን አንድ ወንበር ላይ አስቀምጬ "ሼዱ ስንት ሜትር ይፈልጋል? ለኳሱስ ስንት ሜትር ይቀራል?" ብል ኖሮ መልሱ ካርታው ላይ በማስመሪያ የሚገኝ ነበር። ለዚያ ግን የአንዱን ፊት ማስከፋት ነበረብኝ። ይሉኝታዬ ሁለቱንም አስደስቶ ሸኛቸው፤ ጉዳዩንም ለማላውቀው ሰው አስረከበ። አሁን ሜዳዋ በአንድ ወገን በቆርቆሮ ተበልታ ጎሉ ጠቧል፤ ትንንሾቹ አስፋልት ላይ ወጥተዋል። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ "ልጆች፣ ሜዳ የላችሁም እንዴ!" ብዬ የምቆጣቸው እኔ ነኝ።

ነገሩን በንባብ ላቃልለው ብዬ ሞክሬአለሁ። ሼሪ አርንስቲን የምትባል አሜሪካዊት በ1969 እ.ኤ.አ. የዜጎችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል ከፋፍላ ጽፋለች። ከታች ሰውን የተሳተፈ እያስመሰሉ መጠቀሚያ ማድረግ አለ፤ ቀጥሎ ማስታመም፣ ማሳወቅ፣ ማማከር እያለ ይወጣና ዜጎች ራሳቸው የሚወስኑበት ጫፍ ይደርሳል። ጽሑፏ እጄ ሲገባ የማውቃቸውን ቢሮዎች ሁሉ በየእርከኑ ለመደልደል ቸኮልኩ፤ ብዙዎቹን ከታች አስቀመጥኩ፣ በዚህም አልጸጸትም። የራሴን ቦታ ስፈልግ ግን አጣሁት። መሰላሉ ሥር ብስኩት ይዞ የቆመ ሰው አልተሳለም።

ሕዝብ በቅጡ ያልመከረበት ፕላን ምን እንደሚያመጣ አገራችን በከባድ ዋጋ አይታዋለች፤ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ቀስቅሶ፣ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። ይህን እያወቅኩ፣ እንግዳ ሲመጣብኝ በኩራት የምወስደው ግን ከዚራ ነው። ተራራው ወደ ሐረር እንዳይወጣ የከለከለው ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች ቀጥ ያለ ጎዳና ቀየሱ፤ ሕዝብ ሰብስበው፣ ሻይ አፍልተው አልጠየቁም። እኔም ከዛፉ ጥላ ሥር ቆሜ "ፕላን ማለት ይህ ነው" እላለሁ፤ አፌን ሳልጠርግ "ፕላን ያለ ሕዝብ ምክር ዋጋ የለውም" እላለሁ። አንዱ እንግዳዬ "የቱን ልያዝ?" አለኝ። ምሳ ሰዓት ስለነበር ከደቻቱ ማዶ፣ ማንም ቀጥ ያለ ጎዳና ወዳልቀየሰላት መጋላ ይዤው ሄድኩ። ሲበላ ጥያቄውን ረሳው። ኩባንያው የቀየሰው ለራሱ ሰዎች እንደነበር፣ ማዶውን ያስታወሰው እንዳልነበረ ልነግረው የሚገባኝ ያኔ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞች ሲሻገር ድሬም ደረሰ። ሰፈራችንም መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለና ሜትር የያዙ ልጆች መጡ። አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት አጥሬ ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቷል። ደሜ ፈላ። አንቀጽ 43ን እየደገምኩ፣ አዋጅ 574ን እየጠራሁ ቢሮ ገባሁ። "ሕዝብ ሳይመከርበት! ወላሂ ዝም አልልም!" አልኩ። እስላምም ሆንን ክርስቲያን ድሬ ላይ ስንናደድ የምንምለው በዚያው ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ አልተናደደችም። "ስምህን ንገረኝ" አለችና አንድ ወፍራም ፋይል አወጣች፤ ከዚያ የግንቦቱን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ገለበጠችው። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ። ፊርማዬ ነች፤ ዋናዋ፣ ያልተለወጠችው። ቀጥሎ አስተያየት የሚለውን ገጽ በጣቷ ወረደችበት። የእኔ እንዲህ ይላል፦ "ነዋሪው መድረኩን ላዘጋጁት አካላት ምስጋና አቅርበው፣ እንዲህ ያለው መድረክ እንዲለመድ ጠይቀዋል።" ሌላ ቃል የለም። የዘይቱን ዋጋ እንኳ አልጻፉልኝም። ከሥሩ፣ በሁለት መስመር፣ ወንዙ ሲሞላ የሚይዘው ስፋት በፕላኑ ላይ እንዲታይ አንዲት ነዋሪ መጠየቃቸው ተጽፏል። እሱስ ምን ደረሰ ብዬ ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ ስለ አጥሬ ስከራከር ረሳሁት።

ልኬቱ ከይዞታ ካርታዬ ጋር ተመሳከረ። ምልክቱ ያረፈው እኔ "ትንሽ ወደ ውጭ" ባልኩት ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን የነካው የለም። አጥሩን መለስኩት። ግንበኛው ያው ሰውዬ ነው፣ ዋጋው ግን ያው አይደለም። ጎረቤቶቼ እየመጡ "አይዞህ፣ መሬትህን ወሰዱብህ አይደል?" ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ "ምን ይደረጋል" እያልኩ ማጽናኛውን ተቀብያለሁ። አንዷ ምስር ወጥ ልካልኛለች። መሬቱ የእኔ እንዳልነበር እዚህ ላይ እየነገርኳቸው ነው፤ ወጡ ጥሩ ነበር።

የፕላን ዘመን ያልቃል፣ ሌላ ረቂቅ ይመጣል፣ አንድ ቀን በሞንታርቦ እንጠራለን። ድሬ ያላችሁ ኑ፤ በርጫው ይቆየን። ካርታ ማንበብ የምትችሉ ከእኔ አጠገብ ቁሙልኝ፤ "ስኬሉ ላይ ጥያቄ አለኝ" ካልኩ አትመኑኝ። ጣታችሁን መጀመሪያ ደቻቱ ላይ፣ ቀጥሎ ሜዳው ላይ አሳርፉ፤ ቤታችሁ የት እንደሆነማ ታውቁታላችሁ። እኚያን እናት ካያችኋቸው ከፊት ወንበር አስቀምጧቸው። እኔ እጄን አውጥቼ "በቅድሚያ እንዲህ ያለውን መድረክ" ማለት ከጀመርኩ ደግሞ ማይኩን ንጠቁኝ።